ውሃ የማይፈራው በሽታ

ልብስ ሰፊዋ ሴት ልጇን ጠዋት ጠዋት በውሃ ትፈትናት ነበር። ብርጭቆውን ሞልታ ታቀርብላታለች፤ ልጅቷ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጭልጥ አድርጋ ስትጠጣው፣ እናት "ተመስገን" ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ወንዱን ልጇን ያጣችው በእብድ ውሻ በሽታ ነው። ግቢ ውስጥ የሚያድግ ቡችላ ሲላፋው ክንዱን ጫር አደረገው፤ እሷም በጨርቅ ጠራርጋ፣ "ይቺ ደግሞ ቁስል ናት?" ብላ ወደ ጨዋታው መለሰችው። ከወራት በኋላ ልጁ ውሃ ባየ ቁጥር ጉሮሮው እየተናነቀው ሞተ። ሐኪሞቹ "አይተርፍም" አሏት፤ እሷም ሌላ አልጠየቀችም፣ የፈጣሪ ሥራ ነው ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ጭንቅላት ላይ የሚወጣ ክፉ በሽታ ሁሉ ውሃ ያስፈራል፤ ውሃ የጠጣ ይድናል።

ልጅቷ ግን ባሰባት። አስተማሪ ናት፤ መጀመሪያ የተማሪዎቿ ስም ጠፋባት፣ ቀጥሎ የቤቷ በር። "እማዬን ቀድሜ ጃጀሁ" እያለች ታስቃቸው ነበር፤ ኋላ ቀልዱም ጠፋት። ሹፌሩ ባሏ ደግሞ፣ ለጥበቃ ያመጣሁት ውሻ ነክሷት ይሆናል እያለ እህል አልወርድ ብሎታል።

በመጨረሻ ሆስፒታል አስገቧት። ምርመራው አልቆ ሐኪሙ ሲጠራቸው ባልየው ወኔው ከዳው። "እማማ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እኔ አልችልም።"

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደግም ነው። ጉድ የሠራት ደግነቱ ነው።

"እናቴ፣ ይሄ የውሻው በሽታ አይደለም" አላት። "የውሻው ቫይረስ ነው፤ በንክሻ ገብቶ በነርቭ አድርጎ አንጎል ይደርሳል። ይሄኛው ቫይረስም አይደለም። አንጎሏ ውስጥ ያለ የራሷው ፕሮቲን ቅርጹ ተበላሸ፣ አጠገቡ ያለውንም እያበላሸ ሄደ። ለምን እንደጀመራት አናውቅም። ሁለቱም ግን አንዴ ከታዩ መመለሻ የላቸውም።"

"ውሃ ትጠጣለች እኮ!"

"ትጠጣለች፤ ይሄ ውሃ አያስፈራም።"

"ቶሎ ባመጣትስ ኖሮ?"

ሐኪሙ እጇን ያዘ። "ምንም አይለወጥም ነበር። ራስዎን አይውቀሱ። የውሻው ቢሆን ኖሮ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙና አጥበው ለክትባት ቢያመጧት ትድን ነበር። ለዚህኛው ግን ክትባትም የለውም።"

"ለጭረትም... ክትባት አለው?"

"ለጭረትም። ምልክቱ ሳይታይ ከደረሰ፣ ማንም በእሱ አይሞትም ማለት ይቻላል።"

የወንዱ ልጇን ክንድ የጠራረገችበት ጨርቅ ታወሳት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ ሹፌሩ ብድግ አለ። "ውሻው ነው?"

"አይደለም፣ ልጄ። ማንም አላመጣባትም። ማንም ሊያድናትም አይችልም ነበር።"

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሚስቱ ልትሞት ነው፤ ቢሆንም ከደረቱ ላይ ድንጋይ ወረደለት። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና እሷን ደግሞ ሊያጽናና ሞከረ። "እርስዎም አይዞዎት፣ እማማ። ጥፋት የለብንም።"

"እሺ ልጄ፣ የለብንም" አለችው ትከሻውን እያሻሸች። ለእሱ እውነት ነበር።