የጉተማ ከብቶች

ፈየራ ጉተማ የሚሠራበት የካዛንቺስ ቢሮ ዓላማው አንድ ነው፦ ገበሬው ከብቶቹን ቀንሶ እንዲሸጥ፣ በምትኩም አንዲት የተሻሻለች የወተት ላም እንዲሰጠው። ከብት ሲያመነዥክ የሚያገሳው ጋዝ አየሩን ያሞቃል፤ ከብት ሲያንስ ጋዙም ያንሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት የትውልድ ቀበሌውን ከብት የመዘገበው ራሱ ፈየራ ነበር። አባቱ ደጅ ሲደርስም እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቃቸው።

"ስንት ከብት አለዎት?"

"አራት" አሉ አባቱ። ከጀርባቸው ዘጠኝ ቆመዋል። በዚያ አገር ሰው የከብቱን ልክ በአፉ አይጠራም፤ የጠራ ዕለት ከብቶቹ ያልቃሉ። ፈየራ ፈገግ ብሎ "አራት" ሲል ጻፈ። የጎረቤቶቹንም አሳንሰው እንደነገሩት ጻፈ።

አሁን በየከብቱ ጆሮ ላይ የቁጥር ምልክት ተደርጎ፣ እውነተኛው ቆጠራ መጣ። የአባቱ የጉተማ፣ ስድስት። ሽማግሌው የልጃቸውን ቃል አምነው ሦስት ሸጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከአራት ወደ ስድስት አደጉ ብሎ ስማቸውን በቀይ አቅልሞታል። የጨመረ ሰው ላም አያገኝም።

አለቃው ወይዘሮ መብርሂት ከኋላው ቆመው አዩት።

"ስማ ፈየራ፣ ይሄ ጉተማ አባትህ እንዳይሆን ብቻ! ቀንሱ ስንላቸው የሚያረቡ!"

እውነቱን ቢናገር የመጀመሪያው ቆጠራ ውሸት፣ ቆጣሪውም ውሸታም ሊባል ነው።

"የስም መመሳሰል ነው" አለ።

"እንግዲያው ሰርዛቸዋ።"

ሰረዛቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮውን ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ።

"ልጄ፣ የላሟን በረት ከድኜ ጨረስኩ። ቆርቆሮ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ 'ላም ልታስገባ ነው ወይስ ሙሽራ?' እያለ ይስቅብኛል። መቼ ነው የምትመጣው?"

"ላሟ አትመጣም፣ አባባ።"

"ምን አጠፋሁ? ሽጥ አልከኝ፣ ሸጥኩ።"

"ያኔ አራት ብለውኝ ነበር።"

"ታዲያ ምን ልበል? ከብት ይቆጠራል እንዴ?" አሉ። "አንተ እኮ አይተሃቸዋል። በስም በስማቸው ታውቃቸዋለህ።"

"አውቃቸዋለሁ።"

አባቱ ሌላ አልጠየቁም። ዝናብ ጥሩ መሆኑን ነግረውት ስልኩን ዘጉ።

ፈየራ ሽሮውን ጨረሰ። እጁን ታጥቦ ደረጃውን ወጣና ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከተሰረዘው ከአባቱ ስም በታች ያለው የጎረቤታቸው ነው። እሱም ቀይ ነበር።