ሳይሰሙ የሚገቡት ቃል

«ይህች ልጅ ነገ ምን ሠርታ ትበላለች?» ያለው አባቷ ነበር ወይስ አጎቷ፣ እየሩስ ዛሬ በደንብ አታስታውሰውም። ጓዳ ውስጥ ከጎታው ጀርባ ተሸጉጣ ነበር፤ ልጅ ሆና የእንግዳ ጫጫታ ጆሮዋን ሲወጋት የምትሸሸው ወደዚያ ነበር። መልሱም ግማሹ ጠፍቶባታል። ስለ ጸበል የተባለ ነገር ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። እናቷ አስቻለች «ሥዕሏ እንኳ…» ብላ ጀምራ ሳትጨርሰው ቀረች።

ሥዕሏ ግን አበላት፣ እስካለፈው ጥምቀት ድረስ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ቤታቸው መጡ። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩት መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት የሰፈር አባቶች ከጎናቸው። አድማሴ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ያንን አንገት መድፋት እየሩስ ታውቀዋለች። የሚደፋው አንድ ነገር ሲፈልግ ነው።

አድማሴ ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አኒሜሽን ቤት የከፈተ ሰው ነው። የሕፃናት ተረት እያሠራ ለአዲስ አበባ ይሸጣል። የተረቱን ሰዎች የምታስኬዳቸው፣ ዓይናቸውን የምታስጨፍናቸው እየሩስ ነበረች። አንድ ደብተራ መቋሚያውን አንሥቶ እስኪያወርድ ለእያንዳንዷ ቅጽበት ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ጸጥታ ካገኘች ከጠዋት እስከ ምሽት ከዚያ ሥራ ቀና አትልም። ደሴ ያየቻት ሐኪም ነገሩ ኦቲዝም እንደሚባል፣ በሽታም እንዳልሆነ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና አንድ በአንድ የሚሰጥ ሥራ እንደሚያሻት ለአድማሴ ራሷ ደውላ ነግራዋለች። እሱም ችግር የለም ብሎ ነበር።

ለገና ሰው ሲጎርፍ ግን ጠረጴዛዋን አውጥቶ ወደ መንገዱ ከሚያሳየው መስታወት ሥር አስቀመጠው፣ አላፊ አግዳሚው እያየ እንዲገባ። ከራሷ በላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። የያዘችውን ሳትጨርስ ሌላ ያዛል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «አፍ የላትም፣ እጇ ላይ ግን መንፈስ አለ» እያለ ያሳያታል። በጥምቀት ማግሥት አንደበቷ ተዘጋ። እርሳስ መያዝ አቅቷት ቤቷ ተኛች። እሱ ሰነፈች ብሎ አወራባት፤ የሠራችው ፊልምም የእሱን ስም ብቻ ይዞ ወጣ።

አሁን ሥራው ቆሞበት ሽማግሌ ላከ።

መሪጌታ መርቀው ሲያበቁ እንደ ደንቡ ጀመሩ። ነገር ከመሰማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ያለውን ሊቀበል ቃል ይገባል።

«አድማሴ፣ ለእኛ ትተኸዋል?»

«ትቻለሁ፣ የኔታ።»

«አንቺስ ልጄ?»

«አልተውኩም።»

እናቷ አስቻለች ነጠላዋን ጎተተቻት። አንደኛው ሽማግሌ፣ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትኮራም፣ እኛ እኮ ልንድርሽ አልመጣንም ብለው ሳቅ አሉ። እየሩስ አልሳቀችም። ሌላው ሰው ይህን ቃል ለወጉ ያህል ይለዋል። እሷ ግን ቃል ከገባች ታደርገዋለች፤ ተመለሺ ቢሏት ትመለሳለች፣ ወደዚያ መስታወት፣ ወደዚያ ጩኸት። ያልሰማችውን ፍርድ እንዴት ትቀበል?

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ በለሆሳስ። «ለእናትሽ ስትይ።»

«የኔ ዝምታ ነቅዟል፣ የኔታ።»

ዓይኗን ከጋቢያቸው ጥለት ላይ ሳታነሣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጠረጴዛውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ እንደ ተአምር ለእንግዳ መታየቷን፣ የተቀማችውን ስም። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። ደረቷ ውስጥ የሚንቀለቀለውን እሳት ሰው አይቶት የማያውቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጨርሳ ዝም አላለችም።

«ተናድጃለሁ» አለች። «ካልነገርኳችሁ ስለማታውቁት ነው።»

አድማሴ ቀና አለ። «ይኸውላችሁ፣ ያበላኋት ልጅ! ከእኔ በቀር ማን ይቀጥራታል?»

«አላበላኸኝም። ሠርቼ ነው የበላሁት። ለእናቴ ብዬ አልታረቅህም። ለሥራዬ ብዬ ግን ልታረቅህ እችላለሁ።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ወደ በርጩማው ዞሩ።

«አንተ ትተህልናል። እሷ አልተወችም። እንግዲህ ማዘዝ የምንችለው አንተን ብቻ ነው።»

«እርቅ በአንድ ወገን ይሆናል እንዴ፣ የኔታ?»

«እርቅ ገና ማን ጀመረ?»

አድማሴ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየ። የሳቁት እንኳ አሁን መሬት መሬቱን ያያሉ። ቃሉን ማንም ሳያስገድደው፣ ሁሉ እየሰማ፣ ራሱ ነው የሰጠው። መሪጌታ እንዳዘዙት ድምፅ ማጉያውን ነገ ሊያወርድ፣ ጠረጴዛዋን በጓሮ ወዳለው ክፍል ሊያስገባ፣ ትእዛዙንም አንድ በአንድ በጽሑፍ ሊሰጥ እያጉተመተመ ተስማማ። እናቷ እፎይ ብላ «አንቺስ?» አለቻት። እየሩስ ሲያደርገው አይታ እንደምትወስን ተናገረች።

«ስምሽንም እጽፋለሁ» አለ አድማሴ ለመነሣት እየተመቻቸ።

«ምን ብለህ?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ማንም አላገዘውም። መሪጌታ እንኳ ከመደቡ አልተንቀሳቀሱም።

«እየሩስ አለሜ ሠራችው» አለ በመጨረሻ፤ «እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ።»