የፓኪ ዜማ ሁለተኛ ክፍል

«ነገ አስከሬኑ ሲወጣ የራሱን ዜማ ትጫወቺለታለሽ» አለ ማይኮ ሻዩን እያማሰለ። «ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ጓደኛዬ ስስታም ነበር፤ ከኔ ከጎረቤቱ እንኳ በሩን ዘግቶ ነው የሚጫወተው።»

ኖኒ ዞር ብላ አስተማሪዋን አየችው። ፓኪ ታልቲ ሳሎን ውስጥ በክፍት የሬሳ ሣጥን ተኝቷል፤ መቁጠሪያው በጣቶቹ ላይ ተጠምጥሟል። የክሌር አውራጃ ሰው እንደ ወጉ እየገባ እጁን ይነካና ወደ ሻዩና ወደ ሳንድዊቹ ያልፋል።

ኮንሰርቲና ያስተማራት እሱ ነው። በሁለት እጅ የምትያዘው ያቺ ትንሽ መሣሪያ ስትገፋ አንድ፣ ስትሳብ ሌላ ድምፅ ትሰጣለች። ሁለት ሁለት ክፍል ያለውን ሌላውን የአገሩን ዜማ ሁሉ ሳይሰስት ሰጥቷታል። እሱ የሠራውን ግን ዓመታት አልፈው ከመጀመሪያው ክፍል አላሳለፋትም።

«ሁለተኛውስ፣ ጋሽ ፓኪ?» ትለው ነበር።

«መጀመሪያው ሳይያዝ? ስትስቢ ትቸኩያለሽ። ድገሚው!»

ኖኒ ሳህን ልታጥብ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ሚስቱን ዴሊያን ብቻዋን አገኘቻት።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ግማሹን ነው። ሁለተኛውን ሳያስተምረኝ ሞተ።»

ዴሊያ ፎጣውን አጠፈች። «ሁለተኛ የለውም፣ ልጄ። ከተጋባን ጀምሮ ሲፈልገው ነበር። ድገሚ የሚልሽ፣ ስትጫወቺ ድንገት ይመጣልኛል ብሎ ነው።»

ኖኒ ጥፋቱ የጣቶቿ መስሏት ስንት ጊዜ እያለቀሰች ቤቷ ገብታለች!

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አፍሮ ነዋ። አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ሰዉ የሚያከብረው ዜማ ሠራ ብሎ ነው።»

በማግስቱ ጎረቤቶች ሣጥኑን ትከሻቸው ላይ አነሱ። ኖኒ የመጀመሪያውን ክፍል እሱ እንዳስተማራት፣ ሳትቸኩል፣ ሁለት ጊዜ ተጫወተችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ጠበቀ። እዚያ ብታቆም ምስጢሩ ይወጣል። ጣቶቿ ወደ ቁልፎቹ የላይኛው ረድፍ ሄዱ። የመጣላትን ያዘች፤ ዜማው ከፍ አለ፣ ዞረ፣ ተመልሶም መነሻው ላይ ዐረፈ። ሣጥኑ ወጣ።

ማይኮ ደጃፉ ላይ ደረሰባት። «ያ ሁለተኛው! ቁርጥ ፓኪ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ዛሬ የታለ?»

«የለም» አለች ኖኒ።

ዝናብ ጀምሯል። የኖኒ እጆች ገና ከመሣሪያዋ ማሰሪያ አልወጡም። ዴሊያ ሣጥኑን መከተሏን ትታ ተመለሰችና የኖኒን ካፖርት ከታች ጀምራ እስከ አንገቷ ቆለፈችላት።