ከስንዴም ከቅቤም ነፃ

እኔ የምሠራው ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ዓመቱን ሙሉ የሰው ቃል ሳገላብጥ ከርሜ ክረምት ሲገባ ችሎት ይዘጋል፤ የምጠረጥረው ሰው አጥቼ ቤቴ እቀመጣለሁ። ዘንድሮ ግን አላጣሁም። ሌንሳን አገኘሁ።

ሌንሳ ለፍልሰታ ጾም ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ በተተከለው የምግብ ባዛር አንዲት ድንኳን ይዛ የጾም ምግብ የምትሸጥ ወጣት ናት። ድንኳኗ ላይ በትልቁ «ንጹሕ ጤፍ፣ ከስንዴም ከቅቤም ነፃ» የሚል ሸራ ሰቅላለች። እንዲህ በትልቁ የተጻፈ ነገር ሳይ ደግሞ እኔ እጠረጥራለሁ። እውነት ከሆነ ሸራ ላይ ማሳተም ለምን አስፈለገ?

ምርጫ ግን አልነበረኝም። ልጄ ኑኃሚን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስንዴና ገብስ አንጀቷን ያቆስሉታል። ሐኪሙ በሽታውን ሲልያክ ብሎ ነገረኝና «ፍርፋሪም ብትሆን እንዳትቀምስ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከዳቦ፣ ከፓስታና ከብስኩት ጋር ተቆራርጠን ጉንጯ ሞላ ብሎ ነበር። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን ሆዷ እንደገና ይነፋ፣ ይቆርጣት ጀመር። ቀሚሷ ሰፋባት። ሐኪሙ «በዚሁ ከቀጠለች ሆስፒታል ትተኛለች» አለኝ።

ምጣዳችን ከተቃጠለ ወዲህ እንጀራ የምንገዛው ከውጭ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ የሚሸጥ እንጀራ ደግሞ ግማሹ ጤፍ፣ ግማሹ ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ሌንሳን ገና በመጀመሪያው ቀን ያዝኳት።

«ጤፉን የት ነው የምታስፈጪው?»

«አብነት ሰፈር ነው፣ እትዬ።»

«ከአንቺ በፊት ስንዴ ፈጭተውበት እንደሆነስ?»

«ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ነው።»

«እርሾውስ? ከጎረቤት ነው ያመጣሽው?»

«የራሴ ነው።»

«ምጣዱ ላይ አምባሻ ትጋግሪበታለሽ?»

ሳቀች። «እትዬ፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ?»

ሳቋ አልጣመኝም። መልሱ ሁሉ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳይደናቀፍ የሚመልስ ምስክር አላምንም። በዚያ ላይ ከጎኗ ካለችው ሻጭ ጋር ስታወራ ጴንጤ መሆኗን ሰማሁ። ራሷ የማትጾም ሰው የጾም ሽሮ ስትሠራ እጇ ቅቤ ቢነካስ ማን ያይባታል? ጭልፋዋን ተቀብዬ አሸተትኩ።

«እዚህ ድስት ቅቤ ገብቶበት አያውቅም» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ሳልጠይቃት መመለሷ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ያም ሆኖ ገዛኋት፤ ሌላ ቦታ የተሻለ አላገኘሁም። ኑኃሚን ከእኩዮቿ ላለማነስ እስከ ቅዳሴ መውጫ ካልጾምኩ ብላ ድርቅ አለች። አብረን አስቀድሰን ስንወጣ ጎረቤታችን እማማ ማናለብሽ በረከት ያደርሱናል፤ ከዚያ ጃንጥላ ዘርግተን በጭቃው በቀጥታ ወደ ሌንሳ እንሄዳለን። ሽሮውንና ጎመኑን በእንጀራ በልታ ቤት ስትገባ ሆዷን ይዛ ትጠቀለላለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አንድ ቀን ጠዋት ድንኳኑ ሳይከፈት ሄጄ ከጥበቃው ቤት ጀርባ ቆምኩ። ሌንሳ ከታክሲ ነጭ ከረጢት ስታወርድ አየኋት። «ያዝኩሽ!» አልኩ በልቤ። ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል ጠጋ ብዬ በቀዳዳው ጣቴን ሰድጄ ቀመስኩት።

ጨው ነው። በዚያም ተናደድኩ። ጠንቃቃ ናት ማለት ነው፣ ዱቄቱን በሌላ ሰዓት ነው የምታስገባው አልኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ኑኃሚን የድንጋይ አጥር ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እግሬ አልችል አለኝ።»

ደሜ ፈላ። እማማ ማናለብሽን እንኳን ሳልጠብቅ ልጄን ደግፌ ባዛሩ ውስጥ ገባሁ። ሌንሳ ፊት የምሳ ሰልፍ ነበር። ሰልፉን ጥሼ ቆምኩና «ይቺ ውሸታም ልጄን ልትገድልብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጤፍ እያለች ስንዴ ነው የምታበላው!»

ሰልፉ ወዲያው ላላ። አንዷ ያዘዘችውን ትታ ሄደች። ሌላው ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና እጁን ጠረገ። ሌንሳ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ስለ ፈጣሪ! ሌላ የቀመሰችው ነገር አይኖርም?»

«ምንም! ትናንትም ዛሬም ከአንቺ ምግብ በቀር እህል በአፏ አልዞረም። ማርያምን!»

ይህን ስል እማማ ማናለብሽ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ በረከት ሳትቀምሱ ጥላችሁኝ ሄዳችሁ?» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከጸበሉ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ስሜ ጎረስኩ። ቀጥለው እንደ ልማዳቸው ለኑኃሚን በእጃቸው አጎረሷት። ለሌንሳም ዘረጉላት። እሷ ተቀበለችና መዳፏ ላይ ይዛው ቀረች። ባትበላው አልገረመኝም። ግን ዳቦውን አየች፣ የልጄን ጉንጭ አየች፣ እንደገና ዳቦውን አየች።

«እትዬ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ስንዴ አይደለም?»

«በረከት ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። «ምግብ አይደለም!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው አልኩ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ፣ በባዶ ሆዷ፣ ከሁሉም በፊት የምትቀምሰው እሱን ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ «አፍሽን ክፈቺ፣ በረከት እንዳያመልጥሽ» እላት ነበር። የወፍጮውን፣ የእርሾውን፣ የጨውን ከረጢት ስመረምር የከረምኩት ሴትዮ ይህን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠረጠርኩም።

ኑኃሚን ማኘኳን አቁማ ታየኛለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማዬ» አለች አፏን በእጇ ሸፍና፣ «በረከት ይተፋል እንዴ?»

መዳፌን አገጯ ሥር ዘረጋሁ።

«እጄ ላይ ትፊው።»

ተፋችው። መሬት አይጣል ነገር፣ እማማ ዓይናቸውን ከእጄ አላነሱም። አፌ ከተትኩትና ዋጥኩት።

«በረከት ልጅ ያሳምማል ነው የምትዪኝ?» አሉ እማማ።

«በረከቱ አይደለም እማማ፣ ስንዴው ነው።»

ነጠላቸውን ቋጠሩት፣ መልሰው ፈቱት፣ እንደገና ቋጠሩት። አንጀቴን በሉት።

ሌንሳ ግን ከሁላችን ይልቅ ታሳዝን ነበር። ድስቶቿ ሙሉ ናቸው፤ ፊቷ ሰው የለም። አፈርኩ። ከድንኳኗ ፊት ዞሬ በዚያው ድምፄ «የልጅቷ ምግብ ንጹሕ ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ስወነጅላት ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ነበር፤ አሁን ዞር ብሎ ያየኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። እሱም ዝናቡን ፈርቶ ሄደ። ሌንሳ ለኑኃሚን ሽሮ ጨለፈችላት፣ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ጾሙ እስኪፈታ በየቀኑ ሄጄ ድንኳኗ አጠገብ ቆምኩ። ገዢ «እውነት ስንዴ የለበትም?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ እመልሳለሁ፣ ሌንሳ ዞር ብላ ድስቷን ታማስላለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰልፉ ተመለሰ፤ እሷም «ጭልፋውን አሸተቱት ዛሬ?» ብላ ቀለደችብኝ። የኑኃሚን ሆድ ጎደለ፣ ደረጃ እየዘለለች መውጣት ጀመረች።

የፍልሰታ ዕለት እማማ ማናለብሽ ከቅዳሴ መልስ አገኙን። ቋጠሯቸውን ፈትተው ቆረሱ። ኑኃሚን ለምዶባት አፏን ከፈተች። የእማማ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ዳቦውን ቀስ አድርገው ግንባሯን አስነኩት፣ «እደጊ ልጄ» አሉና ለእኔ ሰጡኝ። ስሜ ጎረስኩ።

እማማ ዞር እስኪሉ ጠብቄ ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ መሀረብ አውጥቼ የልጄን ግንባር ጠረግኩ።