ከክኒኑ በኋላ

«ወድቆ፣ ወድቆ አይማር! እልኸኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም።

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ጎረቤት አጠገቧ ወዳለችው ጠጋ ብላ «ምናለ መሰላሉን ብትደብቀው!» አለች። ድምጿ ለሹክሹክታ ጮኸ። ሚስትየው ጥርሷን ነከሰች። ደብቃዋለች እኮ። እዚችው ሴትዮ ጓሮ ሳይቀር።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ፓርኪንሰን ሲይዘው፣ ከእጁ መንቀጥቀጥ በፊት የሄደው ደስታው ነበር። ጠዋት ክኒኑን ሳይውጥ፣ ሸሚዙን ራሱ ሲቆልፍ «ጎበዝ፣ የኔ ጌታ!» ብትለው እንደ ግድግዳ ያያታል። ከተቆጣችው ግን ያንን ነገር ዳግም አይነካም። ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ሌላ ሰው ነው። ቁጣ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሙገሳ ግን ማር ነው።

የባሏ ሐኪም ነግራቸው ነበር፤ ይሄው ታላቅ ወንድም ባለበት። «አእምሮው ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አንሷል። ሲያንስ ከጉዳት እንጂ ከሽልማት ብዙ አይማርም። ክኒኑ ሲሞላው ደግሞ ይገለበጣል፤ መውደቁ እንኳ ላያስተምረው ይችላል። ያኔ በምን እንደምታሞግሱት ተጠንቀቁ።»

ታላቅዬው አንድም ቀን ጠዋት መጥቶ አያውቅም። ከክኒኑ በኋላ ከች ይላል። ወንድሙ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ፣ እሱ ታች፤ «ጎሽ! አንበሳ! ማነው ታሟል ያለው?»

«እልኸኛ አልነበረም» አለች አሁን።

«እታለም፣ እኔ ለማለት የፈለግሁት…»

«ይስሙኝ ጋሼ! እኔ ስለምነው እውላለሁ፣ እርስዎ መጥተው ያጨበጭባሉ። ጭንቅላቱ የያዘው ጭብጨባውን ነው። የወደቀ ቀንስ? ሁለቱም እጅዎ ጭብጨባ ላይ፤ መሰላሉን ማን ይያዝ?»



«ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው» አለ ሰውየው።

«እኔስ? እኔ ሳቁን ጠልቼ ነው?»

እሱ ውሃ አነሳ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እሷ ሳታስበው፣ ለባሏ እንደለመደችው፣ መዳፏ ሄዶ ብርጭቆውን ከሥር ደገፈ። የማንን ብርጭቆ እንደያዘች ስታይ ንዴቷ እንደ አዲስ ነደደ።

ጠጥቶ እስኪጨርስ ግን አልለቀቀችም።