ለሁለት የሚታጠፍ አንሶላ

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። የትልቅ አልጋ አንሶላ ብቻውን ላጥፍ ያለ ሰው ወይ ወለል ይጠርግበታል፣ ወይ ራሱ ይጠቀለልበታል። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለቱን። ወደ ኋላ ሸሽተው ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ወደ መሃል ይራመዳሉ። እጅ ከእጅ ሲገናኝ አንዷ ለሌላዋ ታስረክባለች። ቁንጥንጥና እትዬ ዝግታ እንዲህ እየተራራቁና እየተገናኙ፣ የሆቴሎችን አንሶላ በሚያጥበው ላውንደሪ የኋላ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አጠፉ። በቀን ሦስት መቶ አንሶላ። ባልና ሚስት እንኳ በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ፊት ለፊት አይተያዩም።

ስማቸውን ያወጡላቸው የካውያ ክፍል ሴቶች ናቸው። ቁንጥንጥ ታናሽየዋ ናት። ምሳ እየበላች እንኳ ጣቶቿ አያርፉም፤ ያገኙትን ወረቀት ሲያጥፉ ይውላሉ። እትዬ ዝግታ በአሥር ዓመት ትበልጣታለች። እጇ ሳይሆን ወሬዋ ነበር ዝግ ያለው። በመጀመሪያው አንሶላ የጀመረችውን ታሪክ በመቶኛው ላይ ስታደርሰው፣ የታሪኩ ሰውዬ ገና ጫማውን አላሰረም ብለው ይስቁባታል። ቁንጥንጥ ግን ያ ወሬ ባይኖር ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ አትቆምም ነበር።

ቁንጥንጥ የምትኖረው ወንድሟ ቤት ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ጋር ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ጠዋት ጠቅልለው ከሶፋው ኋላ ይደብቁታል። የወንድሟ ሚስት ክፉ አይደለችም። ችግሩ በየቀኑ "ቤትሽ እኮ ነው" ማለቷ ነው። ቤትሽ ነው የሚባል ቤት የራስ ሆኖ አያውቅም። ልጅቷ ከፍ እያለች ነው፤ ልብሷን የምትቀይረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆልፋ ነው፣ እሱንም ሰው እያንኳኳባት። ቁንጥንጥ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው አንድ ክፍል። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ አንዱን አይታለች። ኪራዩ ግን ከደመወዟ በላይ ነበር።

ዘጠነኛው ዓመት ሲጀመር አንድ ቀን እትዬ ዝግታ ከሥራ ቀረች። ባሏ ወገቡን ታሞ ሐኪም ቤት ወስዳው ነበር። የቀረ ሰው የቀኑ ይቆረጥበታል። ቁንጥንጥም አንጀቷ አልቻለም። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር መታች፣ በሚስማሮቹ ላይ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ አሰረች፣ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ መቆንጠጫው ይዞላት ሌሎቹን ሁለቱን እሷ እየያዘች ብቻዋን ስታጥፍ ዋለች። ምሳ አልበላችም። ኃላፊው ሲያልፍ ቆም ብሎ ክምሩን አየና "ሌላዋስ?" አለ።

"ሥራው እንዳይጎድል እኔ አለሁ። አይቁረጡባት" አለችው።

ኃላፊው ሳቀ፣ "ጎበዝ" አላት፣ አልቆረጠም። እትዬ ዝግታ በማግስቱ ስትሰማ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያን ማታ ግን ቁንጥንጥ የልጇን ፀጉር ማበጠር አቅቷት ነበር። ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አለ።

ከዚያ ሕጉ መጣ። ሕጉ ሳይመጣ ወሬው ነበር የመጣው፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ሊጨመር ነው ሲባል ሴቶቹ "ላም አለኝ በሰማይ" እያሉ ያሾፉ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ሬዲዮኑ ራሱ ተናገረው። ማንም አሠሪ ከዚህ በታች መክፈል አይችልም፣ ከሁለት ወር በኋላ ይጀመራል። የተባለው ገንዘብ እነሱ ከሚያገኙት በሲሶ ይበልጣል። የካውያ ክፍል ሴቶች ጮቤ ረገጡ። የላውንደሪው ሹፌር "ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ ጌታዬ ካላለችኝ እራት አልበላም" አለ። ቁንጥንጥ ስለ በሩ ነበር የምታስበው፤ የክፍሉ ባለቤት አሮጊት "ሁለት ወር አቆይልሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልችልም" ብላታለች።

"ቀስ በሉ፣ ገና እጃችን አልገባም" አለች እትዬ ዝግታ። እሷም ግን ትስቅ ነበር።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀል ነበር። ለሆቴሎቹ ዞሮ በእያንዳንዱ አንሶላ ላይ ትንሽ ጨምሩልን ብሎ ለመነ። አንዱ አሻፈረኝ አለ፣ ሌላው የራሴን ማሽን እገዛለሁ ብሎ አስፈራራው፣ ሦስተኛው እናስብበት ብሎ ስልኩን ማንሳት ተወ። ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። የላውንደሪው ባለቤት ደግሞ ከላይ ሆኖ "አንድ ሰው ቀንስ" አለው። ማንን? ሹፌሩን ቢቀንስ ልብሱን ማን ያመላልሳል፣ የካውያ ሴቶቹን ቢነካ ሸሚዝ ማን ይተኩሳል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ቁንጥንጥን ቢሮው አስጠራት። "ተቀመጪ" አላት። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም።

"ያን ቀን ብቻሽን ያጠፍሽው ትዝ ይልሻል? በመቆንጠጫው?"

"ትዝ ይለኛል።"

"ሁልጊዜ ይቻላል? አንድ ሰው፣ ሙሉ ቀን?"

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነበራት፣ እውነት የሆነ መልስ። የአንድ ቀን ጉድ ነው፣ ምሳ ሳልበላ ነው የዋልኩት፣ ማታ ክንዴ አልነሳ አለኝ ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር እኮ። ግን አንድ ሰው ሊቀነስ ነው የሚለው ወሬ ደርሷት ነበር፤ ኃላፊው ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ብዕሩን ይዞ ሲጠብቅ፣ አይቻልም ያለች ሰው ተቀናሽ ተብላ ስሟ እዚያ ወረቀት ላይ የሚሰፍር መሰላት። አሮጊቷ ቤቱን ለሌላ ስትሰጠው ታያት። ልጇ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆልፋ፣ በሩ ሲንኳኳ ታያት።

"ይቻላል" አለች።

"ጥሩ" አለ ኃላፊው፣ ጻፈ። "በይ ወደ ሥራሽ።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይሄኛው ግን ያመለጠ አፍ አልነበረም። አላወቀችም ማለት ውሸት ነው። ስትናገር ምን እየተናገረች እንደሆነ አውቃለች። ለራሷ ግን "የጠየቀኝን መለስኩ እንጂ ማንንም አባርር አላልኩም" አለች። ሰው ለራሱ ጠበቃ ሲሆን ገንዘብ አይጠይቅም።

አርብ ዕለት እትዬ ዝግታ ቢሮ ተጠርታ፣ መቀነሷ ተነግሯት ተመለሰች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የቀሩ አርባ ያህል አንሶላዎች ነበሩ። ጫፎቹን አነሳችና "ነይ እንጨርሰው" አለች።

ቁንጥንጥ ሌሎቹን ሁለት ጫፎች ያዘች። እየተራራቁ፣ እየተገናኙ፣ ያለ ወሬ አጠፉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ዝምታ ነበር። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ቁንጥንጥ አላስችል አላት።

"ሕጉ ነው እኮ፣ እትዬ። ሕጉ ነው ያመጣብን።"

እትዬ ዝግታ አንሶላውን አስረከበቻትና "ይሆናል" አለች።

ወሩ ሲያልቅ አዲሱ ደመወዝ መጣ። ሕጉ ያለውን አደረገ፣ ይህ አይካድም። ከካውያ ሴቶች አንዷ ልጇን ወደ ሐኪም ወሰደች፤ ሌላዋ የዱቤ ደብተሯን ዘጋች፣ ሹፌሩም እራቱን በላ። ቁንጥንጥም ክፍሉን ተከራየች። ልጇ የመጀመሪያውን ቀን በሩን እየቆለፈች እየከፈተች ስትጫወት ዋለች። አሮጊቷ ኪራዩን መጀመሪያ ከተነጋገሩት ላይ ጨምራበት ነበር። "ለናንተ ተጨመረላችሁ አይደል? እኔስ የምኖረው በምንድን ነው?" አለች፣ ምን ይባላታል። ሱቁም ዘይቱም እንዲሁ ከፍ ከፍ አሉ። ከጭማሪው የተረፈው የበሩ ቁልፍና የክንዷ ሕመም ነበር።

ብቻዋን ታጥፋለች። ይቻላል ብላለችና መቻል አለባት። አንሶላ ያላለቀ ቀን አምሽታ ትጨርሳለች። አምሽተሽ ቆየሽ ብሎ የሚጨምርላት የለም። ከሁሉ የሚብስባት ግን ጸጥታው ነበር። አንዳንዴ እጇን ዘርግታ ጫፉን የሚቀበላት ሰው ትጠብቃለች። ቆጭቷታል። እንቅልፍ የሚነሳ፣ የበሉትን የሚያመርር ቁጭት ነው። ይቅርታ ሳልላት አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያለች ሦስተኛው ገባ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፍራፍሬ ገዝታ ሄደች። ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ብትሰድበኝ ልሰደብ፣ ብትመታኝ ልመታ ብላ ነው የሄደችው። እትዬ ዝግታ ደጃፏ ላይ ገንዳ አስቀምጣ የሰው ልብስ ታጥባለች። የጎረቤት፣ የሩቅ ሰው፣ ያመጣ ሁሉ። በልብስ ቁጥር ነው የሚከፈላት፤ የዚያ ሁሉ አዋጅ ድምፅ ወደዚያ ገንዳ አልደረሰም። እጆቿ በሳሙና ተሰነጣጥቀዋል። ባሏ ወገቡን ይዞ ከውስጥ "ማነው?" ይላል።

"ቁንጥንጥ ናት!" አለች፣ ፊቷ በራ። "ግቢ፣ እህቴ። ምነው ጠፋሽ? ክፍሉን ተከራየሽ?"

"ተከራየሁ።"

"እሰይ። የልጅቷ ነገር ያሳስበኝ ነበር።"

ቁንጥንጥ ገንዳው አጠገብ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እትዬ ዝግታ ሸሚዝ እየጨመቀች፣ እንደ ድሮው ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች።

"አንድ ነገር ያልነገርኩሽ አለ። ሥራ ላይ ሳለሁ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ኃላፊው እኔን ጠርቶኝ ነበር፣ ያኔ። አንድ ሰው ብቻውን ማጠፍ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይቻልም አልኩት። በሳምንቱ ደግሞ ጠራኝ። እሷ እኮ አንድ ቀን አጥፋ ነበር አለኝ። ለኔ ብላ ራሷን ጎድታ ነው፣ አይቻልም አልኩት። በሦስተኛው በግልጽ ነገረኝ፤ ይቻላል ካልሽ ሥራው ላይ የምትቆዪው አንቺ ነሽ አለኝ።" ሸሚዙን አራገፈችው። "ያንቺ በር ትዝ አለኝ። የኔም ሰውዬ መድኃኒት ትዝ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ግን ዘጠኝ ዓመት ለሁለት አጥፈን እንዴት ይቻላል እላለሁ? ወይ ሁለታችንንም አቆይ፣ ወይ ሁለታችንንም አባርር አልኩት። እሱ ግን የልቡን አደረገ።"

ቁንጥንጥ አንገቷን ደፋች። እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ኃላፊውም አይናገር፣ ወረቀቱም አይናገር።

"የልቡን አላደረገም፣ እትዬ" አለች። "እኔንም ጠይቆኛል። ይቻላል አልኩት።"

የእትዬ ዝግታ እጆች ገንዳው ውስጥ ቆሙ። ባሏ ከውስጥ ውሃ ጠየቀ። ቀና ብላ ቁንጥንጥን አየቻት። ስድብ አልነበረም፣ ዱላም አልነበረም።

"ስንት ጊዜ ጠየቀሽ?" አለቻት።

"አንድ ጊዜ" አለች ቁንጥንጥ።