አልገጠመም ያልኩት ኩላሊት

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ወሬም እወዳለሁ። ደንበኛዬን ፎጣ አስሬበት ምላጬን ከጆሮው ሥር ስለማሳርፍ፣ ስብከቴን ሳያስጨርሰኝ የሚነሳ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ አብርሃም ልጁን ሊሠዋ እንዴት ማልዶ እንደተነሳ፣ እግዚአብሔር አንድያ ልጁን እንዴት እንደሰጠ፣ ወላጅ ማለት ምን እንደሆነ ስለፈልፍ ኖርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ልጆቹን የማስተምረውም እኔው ነኝ። ጌታ አፌን ይቅር ይበለው።

ያለችን አንዲት ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙ። ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ «የኔን ውሰዱ» አልኩ። ሚስቴ ወገቧን ስለሚያማት፣ እሷ ለማንኛውም ተብላ ነው የተመረመረችው። የሁለታችንም ገጠመ፤ የኔ ተመረጠ።

ከዚያ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ለሁሉም ሰጪ የምንለው ነው» አለኝ። «መስጠት ካልፈለግክ ለኔ ብቻ ንገረኝ። ለቤተሰብህ አይሆንም ብለን እንተወዋለን። ምክንያቱን ለማንም አንናገርም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አለመስጠት የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። መውጫውን ሲያሳየኝ ግን ልቤ ከዳኝ። ጎኔን ሲቀድዱት ታየኝ።

«ፈራሁ» አልኩት። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ የሆነ ነገር ጻፈ።

ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «የኔ አልገጠመም» አልኳት። አይዞህ ብላ አቀፈችኝ። እኔን! በሳምንቱ እሷ ገባችና ኩላሊቷን ሰጠች።

ሁለቱም ደህና ሆኑ። በአራተኛው ወር መጋቢያችን ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ።

«እሁድ ለልጅህ የምስጋና ፕሮግራም አለን» አለኝ። «ስለ ወላጅ ፍቅር አንተ ትናገራለህ። ከአንተ ወዲያ ማን አለን?»

ምላጬ ሳተና ጆሮውን ልቆርጠው ትንሽ ነው የቀረኝ። «ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት። ትሕትና መሰለው መሰለኝ፣ ተራ ወደሚጠብቁት ዞሮ «ተማሩ እንግዲህ» አላቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

የዚያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ። ሚስቴ በአንድ እጇ ጎኗን ይዛ የእሁድ ሸሚዜን ስትተኩስ ደረስኩ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔንም እኮ ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ጠየቀኝ። ለሁሉም ሰጪ የምንለው ነው፣ ካልፈለግሽ ለቤተሰብሽ አይሆንም እንላለን ሲለኝ ያን ጊዜ ገባኝ።»

ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ።

«ለምን ታዲያ አልጠየቅሽኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅህ?» አለችና ኮሌታውን ገለበጠችው። «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር።»

ከስድብ ሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል አንጀቴን በላችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለልጅቷ እነግራታለሁ» አልኩ።

«ለሷ ብለህ ነው ወይስ አንተን እንዲቀልልህ?» ካውያውን አቆመች። «ኩላሊቱን እኔ ሰጥቻታለሁ። አሁን ደግሞ አባቷን አትውሰድባት። አንተም የድርሻህን ቻለው።»

እሁድ ከሚስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጄ መድረክ ላይ ወጥታ ማይክ ያዘች። ጉንጯ ሞልቷል፤ ሳያት ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ።

«እናቴ ኩላሊቷን ሰጠችኝ» አለች። «አባቴ ደግሞ ቢሆንለት ኖሮ ሁለቱንም ይሰጠኝ ነበር።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላዬ የተቀመጠ ደንበኛዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሚስቴ ብቻ አላየችኝም።

ልጄ ወርዳ በመካከላችን ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እውነቴን ነው አይደል፣ አባዬ?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።